ኮንሶል ወይስ ኮምፒውተር? የጨዋታ መሣሪያ ምርጫ በፊዚክስ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ለጎብኚዎች ከቀረቡት ነገሮች መካከል ብዙ ሰው ያሰለፈው አንድ ትንሽ የኦሲሎስኮፕ መስኮት ነበር። ዊልያም ሂጊንቦታም የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የተወረወረ ነገር የሚጓዝበትን መስመር ለማስላት የሚያገለግል አናሎግ ኮምፒውተር ከኦሲሎስኮፑ ጋር አገናኝቶ ሁለት ሰዎች ቴኒስ የሚጫወቱበት ዘዴ ሠርቶ ነበር። በመስኮቱ ላይ የምትዘለው የብርሃን ነጥብ ኳሷ ነበረች። በትምህርት ቤት የምንማረው የውርውር እንቅስቃሴ እንዲህ ባለ መንገድ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታዎች አንዱን ወለደ።

ዛሬ ያቺ የብርሃን ነጥብ እስከ ሙዱላ ደርሳለች። በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በጠምባሮ ማዕከል በሙዱላ የሚኖር ወጣት ‹‹ፕሌይስቴሽን ቤት›› ምን እንደሆነ እንዲነገረው አይፈልግም። ጆተኒና ፑል በነበሩበት ቤት ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ገብተዋል፤ ተጫዋቹም በጨዋታ ይከፍላል። ይህን ተከትሎ ተማሪዎችና ወላጆች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ‹‹ያለችን ገንዘብ ጥቂት ናት፤ ኮንሶል እንግዛባት ወይስ ኮምፒውተር?›› የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በቤተሰብ ዘንድ የአንድ ዓመት ቁጠባ፣ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ደግሞ ተመላሽ ብድር የሚያርፍበት ውሳኔ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን መሣሪያዎች አሠራር፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታና ወጪ በሒሳብ እያስደገፍን ካነጻጸርን በኋላ ለማን የትኛው እንደሚሻል ለማሳየት እንሞክራለን።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ እናርም። ኮንሶል ራሱ ኮምፒውተር ነው። ሒሳብ የሚያሰላ ፕሮሰሰር፣ ሥዕል የሚሠራ የግራፊክስ ክፍል፣ ማኅደረ ትውስታና መረጃ ማከማቻ አለው። ልዩነቱ የተሠራበት ዓላማ ላይ ነው። ኮንሶል እንደ እንጀራ ምጣድ ነው፤ አንድ ሥራ ተሰጥቶታል፣ ያንንም ሥራ ያለ ብዙ ድካም በሚገባ ይሠራል። ኮምፒውተር ግን በአካባቢያችን እንደሚበቅለው እንሰት ነው። ከአንዱ ተክል ቆጮው፣ ቡላው፣ ቃጫው፣ መጠቅለያ ቅጠሉ ይገኛል፤ ነገር ግን እንክብካቤና እውቀት ይጠይቃል።

የኮንሶል ጥቅም ከዚሁ ከአንድ ዓላማው ይመነጫል። የአንድ ዓይነት ኮንሶል ባለቤቶች ሁሉ ተመሳሳይ ወይም በጣም ተቀራራቢ የውስጥ ክፍል ስላላቸው የጨዋታው ደራሲ ሥራውን በዚያ ልክ ይሰፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ዋና ማኅደረ ትውስታ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ያለው 16 ጊጋባይት ስለሆነ የ512 እጥፍ ልዩነት አለ። ሆኖም በዚያች 32 ሜጋባይት 22 ተጫዋቾችና ዳኛ ያሉበት ሙሉ የእግር ኳስ ግጥሚያ ይካሄድባት ነበር። ኮምፒውተር ላይ ግን ደራሲው ሺህ ዓይነት የተለያዩ መሣሪያዎችን ማሰብ አለበት። ስለዚህ ገዢው ራሱ ‹‹ይህ ጨዋታ በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል ወይ?›› ብሎ መጠየቅና ዝርዝሩን ማንበብ ይኖርበታል።

ሥዕሉና ፍጥነቱ

በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የምናየው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በተለምዶ ‹‹ፉል ኤችዲ›› የሚባለው መስኮት በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች አሉት። ሲባዙ 2,073,600 ይሆናሉ። ጨዋታው በሴኮንድ 60 ሥዕሎችን የሚያሳይ ከሆነ መሣሪያው በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም መቀባት አለበት። ‹‹4ኬ›› በሚባለው መስኮት ደግሞ የነጥቦቹ ቁጥር በ4 እጥፍ ያድጋል። የግራፊክስ ክፍል ውድ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሥዕሎቹ ብዛት በሴኮንድ ለምን ያስፈልጋል? በኳስ እናስረዳ። ጠንክራ የተመታች ኳስ በሴኮንድ 30 ሜትር ትጓዛለች እንበል። መሣሪያው በሴኮንድ 30 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በአንዱና በተከታዩ ሥዕል መካከል 33 ሚሊሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ ኳሷም 1 ሜትር ትዘላለች። በሴኮንድ 60 ሥዕል ከሆነ ዝላይዋ ግማሽ ሜትር ይሆናል። በረኛውን የሚያንቀሳቅስ ተጫዋች ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል።

ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ትምህርት አለ። ሥዕሉ ከመሣሪያውና ከቴሌቪዥኑ ከደካማው አይበልጥም። በቤት ያለው ቴሌቪዥን 1,280 በ720 ነጥብ ብቻ ያለው ከሆነ ለ4ኬ ሥዕል ተብሎ የተከፈለ ትርፍ ገንዘብ በዓይን የማይታይ ገንዘብ ነው።

የኤሌክትሪክ ሒሳብ

ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ነው፤ ጉልበት ደግሞ የኃይልና የጊዜ ብዜት ነው። የመብራት ቆጣሪያችን የሚቆጥረው ይህንኑ ጉልበት በኪሎዋት ሰዓት ነው። በጨዋታ ላይ ያለ የመጀመሪያው ዓይነት ፕሌይስቴሽን 4 ወደ 140 ዋት፣ ፕሌይስቴሽን 5 ወደ 200 ዋት ይወስዳል። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከ300 እስከ 500 ዋት ሊደርስ ይችላል። ተራ ላፕቶፕ ግን ከነመስኮቱ ብዙውን ጊዜ ከ65 ዋት አያልፍም።

አሁን እናስላ። ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 ዋት ቴሌቪዥን ጋር 200 ዋት ይሆናል። በቀን 3 ሰዓት፣ ለ30 ቀን ብንጫወት 0.2 ኪሎዋት በ90 ሰዓት ሲባዛ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በዚያው ጊዜ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል ብንል የወሩ የኮንሶል ፍጆታ ከ5 ሰዓት የእንጀራ ጋገራ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ‹‹ኮንሶል መብራት ይጨርሳል›› የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። አንባቢ የራሱን ወጪ ለማወቅ ኪሎዋት ሰዓቱን በክፍያ ደረሰኙ ላይ ባለው ታሪፍ ማባዛት ይበቃዋል።

በትንሽ ከተሞች የሚያሳስበው የመብራቱ ብዛት ሳይሆን ጠባዩ ነው። ሦስት ችግሮችን ለይተን እንመልከት።

አንደኛው ድንገተኛ መቋረጥ ነው። ኮንሶልና የጠረጴዛ ኮምፒውተር ባትሪ ስለሌላቸው መብራት በሄደበት ቅጽበት ይጠፋሉ። መሣሪያው በዚያ ሰዓት መረጃ እየጻፈ ከሆነ የተቀመጠው ጨዋታ ሊበላሽ፣ አልፎ አልፎም ሃርድ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል። ላፕቶፕ ግን በባትሪው ይቀጥላል። ለኮንሶል ዩፒኤስ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ከዩፒኤስ የሚጠበቀውን ማወቅ ያስፈልጋል። በትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ በተለምዶ የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ብዜቱ 84 ዋት ሰዓት። ለ200 ዋት ጭነት ያለ ብክነት 25 ደቂቃ ይሰጣል። በለውጡ ላይ በሚደርሰው ብክነትና ባትሪው በፍጥነት ሲራገፍ አቅሙ ስለሚቀንስ በተግባር የምናገኘው ወደ 10 ደቂቃ ነው። ይህ ጊዜ ጨዋታውን አስቀምጦ መሣሪያውን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል እንጂ ግጥሚያ ለመጨረስ አይበቃም።

ሁለተኛው የቮልቴጅ መውረድና መውጣት ነው። አገራችን የምትጠቀመው 220 ቮልት ነው። ብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡ አሮጌ ኮንሶሎች ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ቋሚ ሬዚስታንስ ላይ የሚባክነው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ 120 ቮልት ለሚጠብቅ ክፍል 220 ቮልት ብንሰጠው ኃይሉ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። የሚከተለውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም፤ መጀመሪያ የሚመጣው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው የተጻፈው የቮልት መጠን ይነበብ። ስታቢላይዘር የቮልቴጅን መዋዠቅ ይቆጣጠራል፤ የተቋረጠ መብራት ግን አይተካም። ብዙዎች ዲቫይደር የሚሉት ማከፋፈያ ደግሞ ሶኬት ከማብዛት በቀር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ጥበቃ የለም። መብራት ሲሄድ መሣሪያውን ነቅሎ፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። መሣሪያው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል፤ ማራገቢያውም ያንን ሙቀት በአየር ያስወጣል። ማራገቢያው በሴኮንድ 15 ሊትር አየር ቢያሳልፍና ኃይሉ 200 ዋት ቢሆን፣ በባሕር ወለል ላይ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ11 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በሆሳዕና ግን የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ስለሚያንስ ልዩነቱ ወደ 14 ዲግሪ ይጠጋል። የደጋው አየር ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህ ብቻውን አያሰጋም። ነገር ግን በበጋ አቧራ መተንፈሻው ተደፍኖ የአየሩ መጠን በግማሽ ቢቀንስ ልዩነቱ 27 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ ከከፍታው ይልቅ አቧራው ጠላት ነው። ኮንሶልን በጨርቅ ሸፍኖ ማጫወት ወይም በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ከአቧራው የባሰ ጉዳት ያመጣል። የጠረጴዛ ኮምፒውተርን ከፍቶ ማጽዳት ቀላል ሲሆን ኮንሶልና ላፕቶፕ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ።

ወጪው የመግዣው ዋጋ ብቻ አይደለም

ፕሌይስቴሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ በአሜሪካ 399 ዶላር፣ ዲስክ የሚቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ 499 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ ተመጣጣኝ አቅም ያለው ኮምፒውተር ክፍል በክፍል ገዝቶ መገጣጠም አስቸጋሪ ነበር። አምራቾቹ ኮንሶሉን በጠባብ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጠው ትርፋቸውን ከጨዋታዎቹ ያነሣሉ፤ የ2006ቱ ፕሌይስቴሽን 3 በኪሳራ የተሸጠ መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ ኮንሶል በመግዣው ይረክሳል፣ በጨዋታው ይወደዳል። አንድ አዲስ ትልቅ ጨዋታ በ60 ወይም በ70 ዶላር የሚሸጥ በመሆኑ የ7 ወይም የ8 ጨዋታ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

በአገራችን ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ ስለወረደ በዶላር የሚገዛ ሁሉ ከብዷል። በዚህም የተነሣ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ንጽጽር በአዲስ ኮንሶልና በአዲስ ኮምፒውተር መካከል ሳይሆን በያገለገሉት መካከል ነው። የሚከተለውን ቀመር እናስቀምጥ።

ጠቅላላ ወጪ = መግዣ + ጨዋታዎች + ኤሌክትሪክና መከላከያ + ጥገና − መልሶ ሲሸጥ የሚገኝ ዋጋ

ያገለገለ ኮንሶል ሲገዛ ዕድሜው መታወቅ አለበት። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው የመጨረሻው የፊፋ ጨዋታ ፊፋ 14፣ ለፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ፊፋ 19 ነው። የዘንድሮን የቡድን አሰላለፍ የሚፈልግ ተጫዋች በእነዚህ አያገኝም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ‹‹ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ›› በሚል ስም መውጣት ጀምሯል። ያገለገለ ኮምፒውተርም የራሱ ዕድሜ አለው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ነፃ የሆነውን ሊኑክስ መጫንን ማሰብ ይኖርበታል።

ሌላው ስውር ወጪ ኢንተርኔት ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን እንደተመለከትነው፣ ፈጣን መስመር ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ጨዋታውን በኢንተርኔት አውርዶ ዲስክ የሚባለውን ረስቶታል። ስለዚህ ዲስክ የማይቀበሉ፣ ዋጋቸውም ዝቅ ያለ ኮንሶሎች ይሸጣሉ። ይህ ርካሽነት ለሙዱላ ይሠራል? 100 ጊጋባይት የሆነ ጨዋታ 800,000 ሜጋቢት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በማያቋርጥ መስመር 80,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የመስመሩ መቆራረጥና የጥቅል ክፍያው ሲጨመርበት ርካሹ መሣሪያ ውድ ይሆናል። በአንጻሩ ዲስክ ከጓደኛ ጋር ይለዋወጡታል፤ ሲሰለችም ይሸጣል። በእኛ ሁኔታ ኮንሶል የሚገዛ ሰው ዲስክ የሚቀበለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ስለ ተባዙ ጨዋታዎችም ሳናነሣ አናልፍም። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ጨዋታ ነፃ ይመስላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። ከሕጉም በተጨማሪ እንዲህ ያለው ፋይል የቫይረስ መግቢያ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያው ላፕቶፕ ያስቀመጠ ተማሪ ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ለኮምፒውተር በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኙ እንደ ሱፐርታክስካርት ያሉ ቀላል ጨዋታዎች ስላሉ ሌላ መንገድ የለም ማለት አይቻልም።

ለማን የትኛው?

ሀ. ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ። ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለ ምክራችን ያለ ማመንታት ላፕቶፕ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። የፈተና ቀን ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ ተማሪና በጨዋታም ቢሆን እጁ የለመደ ተማሪ እኩል አይቀመጡም። 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለትምህርቱ ይበቃል፤ የቆዩና ቀላል ጨዋታዎችንም ያጫውታል። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያለውን መፈለግ ግን ዋጋውን ያንራል፤ ሙቀቱን ይጨምራል፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል።

ለ. ኮምፒውተር ያለው ቤተሰብ፣ ልጆችም ያሉበት። ለትምህርት የሚሆነው አስቀድሞ ከተሟላ፣ ቴሌቪዥንም ካለ፣ ዲስክ የሚቀበል ያገለገለ ኮንሶል ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ጥሩ ነው። ወንድምና እኅት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ወላጅም ምን እንደሚጫወቱ ያያል። ኮንሶል ሰክቶ ለማጫወት ልዩ እውቀት አይጠይቅም።

ሐ. የጨዋታ ቤት ለመክፈት የተደራጁ ወጣቶች። እዚህ ላይ ስሌቱ ከስሜት መቅደም አለበት። ለማሳያ ያህል ኮንሶል፣ ቴሌቪዥንና ጆይስቲክ በድምሩ 60,000 ብር ፈጁ፤ አንድ ጨዋታ 10 ብር ነው፤ በቀን 40 ጨዋታ ይካሄዳል እንበል። ገቢው 400 ብር ይሆናል። ኪራይ፣ መብራትና የሠራተኛ ክፍያ በቀን 200 ብር ከሆነ የሚተርፈው 200 ብር ነው፤ መነሻው ገንዘብ በ300 ቀን ይመለሳል። አሁን በመብራት መቋረጥ ምክንያት የጨዋታው ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ እንበል። ገቢው ወደ 267 ብር ሲወርድ ኪራዩ ግን አይወርድም። የሚተርፈው 67 ብር ብቻ ስለሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው በ900 ቀን ገደማ ነው። ገቢው በአንድ ሦስተኛ ሲቀንስ የመመለሻው ጊዜ 3 እጥፍ ሆነ። ብድር የሚወስዱ ወጣቶች ስለ መሣሪያው ዓይነት ከመከራከራቸው በፊት በሚከራዩት ቤት መብራት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መዝግበው ቢያውቁ ይበጃቸዋል።

መሣሪያውን በተመለከተ ለተከፋይ ጨዋታ ኮንሶል ይሻላል። ደንበኛው የለመደው ጆይስቲክ ነው፤ ማንም ሰው ቅንብሩን አያዛባውም፤ ቫይረስም የሚያሰጋው በጣም በጥቂቱ ነው። ቢሆንም ከኮንሶሉ ጎን አንድ ኮምፒውተርና ማተሚያ ቢኖር ተማሪዎች ክፍል ውስጥ በሚሆኑበት ሰዓት የጽሕፈት፣ የኅትመትና የማመልከቻ መሙላት አገልግሎት መስጠት ይቻላል። ገቢን በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ላለማቆም ጥሩ ዘዴ ነው።

መ. ጨዋታ መሥራት የሚሻ ወጣት። ኮንሶል ሌሎች የሠሩትን ማጫወቻ ነው፤ በተለመደው አጠቃቀሙ የራስን ፕሮግራም አይጻፍበትም። ኮምፒውተር ግን ማጫወቻም መሥሪያም ነው። ጎዶትና ብሌንደር የተባሉት ጨዋታና ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ‹‹ኩኩሉ››ን እና ‹‹ገበጣ››ን ለተንቀሳቃሽ ስልክ አዘጋጅቷል። አያቶቻችን በጠጠርና በጉድጓድ ሲጫወቱት የነበረው ገበጣ ሕጉ ጥርት ያለ በመሆኑ ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ተማሪ ግሩም መለማመጃ ነው። የፊዚክስ ተማሪ ደግሞ የኳስን በረራ ከአየር ግፊያ ጋር አስልቶ በመስኮት ላይ ቢያሳይ ሂጊንቦታም የሄደበትን መንገድ ተከተለ ማለት ነው።

ሠ. ስልክ ብቻ ያለው። ስማርት ስልክም ራሱ ኮምፒውተር ነው። ለመዝናናት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ወጪ ሳያወጣ በስልኩ መቆየቱ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ብሉቱዝ ጆይስቲክ የሚቀበሉ ስልኮችም አሉ።

የማይመለሰው ወጪ

በቀመራችን ውስጥ ያላስገባነው አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። በቀን 3 ሰዓት መጫወት በዓመት 1,095 ሰዓት ይሆናል። 3 ክሬዲት ያለው አንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በ16 ሳምንት የሚፈጀው የክፍል ሰዓት 48 ነው። የዓመቱ ጨዋታ ከ22 እንዲህ ካሉ ትምህርቶች የክፍል ሰዓት ጋር ይተካከላል። ይህን የምንለው ጨዋታን ለማውገዝ አይደለም። ዕረፍት የአእምሮ ምግብ ነው። በቀን ወደ አንድ ሰዓት ቢወርድ ግን ከ700 ሰዓት በላይ ይተርፋል። በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚከፈቱ የጨዋታ ቤቶች ከወላጆችና ከመምህራን ጋር የሚያጋጯቸው ነገር ይኸው ሰዓት ነው። የቤቱ ባለቤት በትምህርት ሰዓት ደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪ አላስገባም ቢል ንግዱ ዕድሜ ያገኛል።

ለማጠቃለል ያህል ከኮንሶልና ከኮምፒውተር ‹‹የትኛው ይበልጣል?›› የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ‹‹ለማን፣ በየትኛው ገንዘብ፣ በምን ዓይነት መብራትና ኢንተርኔት?›› የሚሉት ሲጨመሩበት ግን መልሱ በወረቀትና በእርሳስ ይገኛል። አንድ መሣሪያ ብቻ ለሚገዛ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ትምህርቱ ለተሟላለት ቤተሰብና ለጨዋታ ቤት ዲስክ የሚቀበል ኮንሶል፣ ለፈጣሪ አእምሮ ኮምፒውተር የሚል ነው የእኛ ፍርድ። አንባቢ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ፍርዳችንን ይፈትን ዘንድ የሚከተሉትን መልመጃዎች አቅርበናል።

መልመጃዎች

1. 1,280 በ720 ነጥብ ባለው ቴሌቪዥን ላይ በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ በየሴኮንዱ ስንት ነጥብ ይቀባል?

2. 65 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በቀን 2 ሰዓት ለ30 ቀን ቢሠራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል? በቤታችሁ ታሪፍ ስንት ብር ይሆናል?

3. 40 ጊጋባይት የሆነ ጨዋታ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

4. አንድ የጨዋታ ቤት 45,000 ብር መነሻ፣ 10 ብር የጨዋታ ዋጋና 150 ብር የቀን ወጪ አለው። በቀን 35 ጨዋታ ሲካሄድና ቁጥሩ ወደ 25 ሲወርድ መነሻው በስንት ቀን ይመለሳል?

መልሶች፦ 1) 55,296,000 ነጥብ። 2) 3.9 ኪሎዋት ሰዓት፤ ብሩ እንደየታሪፉ። 3) 22 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ያህል። 4) በ225 ቀንና በ450 ቀን።